የጎጃምን መንገድ ያልረገጠ የኳስ ዓመት

ናይጄሪያ በሴቶች እግር ኳስ ወደ ፓሪሱ የ2024 ኦሊምፒክ ለመድረስ ስድስት የማጣሪያ ጨዋታዎች አደረገች። በስድስቱ ውስጥ መረቧ የተደፈረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ካሜሩን በደርሶ መልስ አላገባችባትም፤ በወቅቱ የአፍሪካ ዋንጫ ባለቤት የነበረችው ደቡብ አፍሪካም አላገባችባትም። ያቺን አንዲት ግብ ያስቆጠሩት የእኛ ልጆች ናቸው። ቀኑ ጥቅምት 14 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ሜዳው አዲስ አበባ የሚገኘው አበበ ቢቂላ ስታዲየም፣ ውጤቱም 1 ለ 1 ነበር። ስድስት ቀን ቆይቶ አቡጃ ላይ ሉሲዎቹ፣ የኢትዮጵያ የሴቶች ብሔራዊ ቡድን፣ 4 ለ 0 ተሸነፉና የኦሊምፒኩ ጉዞ እዚያው ቆመ።

ብዙ ሰው በልቡ የያዘው አራቱን ግብ ነው። የምርም ሽንፈት ነው፤ ማሳመሪያ አያሻውም። ነገር ግን በዘጠና ደቂቃ የአፍሪካን ኃያል ቡድን አቻ ያቆመ ቡድን በስድስት ቀን ውስጥ ችሎታው አይጠፋም። የሚጠፋው ሌላ ነገር ነው፤ በከባድ ጨዋታ ላይ ሌላ ከባድ ጨዋታ የመደረብ አቅም። ይህ አቅም የሚገኘው ብዙ በመጫወት ብቻ ነው። የኢትዮጵያ ሴት ተጫዋቾች ደግሞ የሚጫወቱት በጣም ጥቂት ነው። ይህ ምዕራፍ የ2016ን የሴቶች እግር ኳስ ዓመት የሚተርከው ይህን ጥቂትነት ለማሳየት ነው። የሚያየውም ከአማኑኤል ሆኖ ነው፤ ከአማኑኤል ሲታይ ጉድለቱ ጎልቶ ይወጣልና።

አማኑኤል ከደብረ ማርቆስ ወደ ደምበጫ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ፣ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ያለች የማቻከል ወረዳ ከተማ ናት። ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው አውቶቡስ ሁሉ መሐሏን ሰንጥቆ ያልፋል። በስተ ሰሜን ምሥራቅ የጮቄ ተራራ አለ፤ ዙሪያዋን ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስና ድንች የሚያበቅል ደጋ ነው። ልጆቿ ኳስ ይወዳሉ። ወንዶቹ የእንግሊዝ ክለቦችን አሰላለፍ በቃላቸው ይወጣሉ። ሴቶቹም የትምህርት ቤት እረፍት ሲደወል ሜዳ ሲያገኙ ይጫወታሉ። የሴቶች ሊግ ጨዋታ በዓይኗ ያየች ልጅ ግን በዚህ አካባቢ ማግኘት ያስቸግራል፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ዓመቱ የተከፈተው በክረምት ነው። ሐምሌ 13 ቀን 2015 ዓ.ም. የሴቶች የዓለም ዋንጫ በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ ተጀመረ። ለመጀመሪያ ጊዜ 32 ቡድኖች የተሳተፉበት ነበር። ከአፍሪካ ከሄዱት አራት አገሮች ሦስቱ፣ ናይጄሪያ፣ ደቡብ አፍሪካና ሞሮኮ፣ ከምድባቸው አለፉ። እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በፊት ታይቶ አያውቅም። ውድድሩ በተጀመረ በአሥራ አምስተኛው ቀን፣ ሐምሌ 28፣ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ነሐሴ 14 ቀን ስፔን እንግሊዝን 1 ለ 0 አሸንፋ ዋንጫውን ስታነሳ ክልሉ በጦርነት ውስጥ ነበር፤ ኢንተርኔት ተቋርጧል፣ መንገድ ይዘጋል፣ ይከፈታል። መስከረም ሲጠባ በጎጃም ብዙ ትምህርት ቤቶች ደወላቸውን አልደወሉም። ይህን የምጠቅሰው ለሐዘን ማሟሻ አይደለም። በገጠር ከተማ ለምትኖር ልጅ የኳስ ሜዳዋም፣ አሰልጣኟም፣ ቡድኗም፣ ከቤት የምትወጣበት ፈቃድም ትምህርት ቤቱ ነው። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ለወንድሟ የሠፈር ሜዳ ይቀርለታል፤ ለእሷ የሚቀርላት ማጀቱ ነው።

በዚሁ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ደግሞ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሴቶች ቡድን ኡጋንዳ፣ ንጄሩ ላይ ነበር። እዚህ ላይ የውድድሩን አሠራር ማስረዳት ያስፈልጋል። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ ካፍ፣ የሴቶች ቻምፒየንስ ሊግን የጀመረው በ2021 እ.ኤ.አ. ነው። ለዋናው ውድድር የሚደርሱት ስምንት ክለቦች ብቻ ናቸው። አህጉሩ በዞን ተከፍሎ እያንዳንዱ ዞን ሻምፒዮኖቹን ያጋጥማል፤ በምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ፣ በሴካፋ፣ በኩል የሚያልፈው አንድ ክለብ ብቻ ነው። ሁለተኛ መሆን ምንም አያስገኝም። ንግድ ባንክ በ2021 ናይሮቢ ላይ ለፍጻሜ ደርሶ በኬንያው ቪሂጋ ኩዊንስ 2 ለ 1 ተሸነፈ። በቀጣዩ ዓመት ዳሬ ሰላም ላይ ከፍጻሜ በፊት ቀረ። በንጄሩ እንደገና ለፍጻሜ ደረሰ፤ ከታንዛኒያው ጄኬቲ ኩዊንስ ጋር ያለ ግብ ጨርሶ በፍጹም ቅጣት ምት ተሸነፈ። ሦስት ዓመት፣ ሁለት ፍጻሜ፣ ባዶ እጅ።

መስከረም ላይ ብሔራዊ ቡድኑ ለአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ከቡሩንዲ ጋር ተገናኘና በመጀመሪያው ዙር ወደቀ። ጥቅምት ላይ፣ ቀደም ሲል ቻድን አልፎ ስለነበር፣ በኦሊምፒኩ ማጣሪያ ናይጄሪያን ገጠመ። ከአቡጃ በኋላ የሆነውን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ምንም አልሆነም። ከጥቅምት 2016 እስከ የካቲት 2017 ድረስ፣ አሥራ ስድስት ወር ሙሉ፣ ሉሲዎቹ አንድም የማጣሪያ ጨዋታ አልነበራቸውም። ከሁለቱም ውድድር የወጣ ቡድን የሚጠብቀው ቀጣዩን ማጣሪያ ነው። በዚያው ጊዜ ናይጄሪያ ካሜሩንን፣ ከዚያ ደቡብ አፍሪካን ገጥማ፣ ፓሪስ ሄዳ ከብራዚል፣ ከስፔንና ከጃፓን ጋር ተጫወተች። በሦስቱም ተሸነፈች፤ ግን ተጫወተች። ደካማው በተሸነፈ ቁጥር ከሜዳ ይርቃል፣ ጠንካራው ባሸነፈ ቁጥር ተጨማሪ ጨዋታ ያገኛል። የጥሎ ማለፍ ማጣሪያ ሥራው ይኸው ነው፤ የአገሩ ፌዴሬሽን ይህን ክፍተት በወዳጅነት ጨዋታ ካልሞላው ልዩነቱ በየዓመቱ ይሰፋል።

ይህ ልዩነት ሁልጊዜ አልነበረም። ኢትዮጵያ በ2004 እ.ኤ.አ. ደቡብ አፍሪካ በተካሄደው የአፍሪካ ሴቶች ሻምፒዮና አራተኛ ወጥታለች፤ ለሦስተኛነት ከጋና ጋር ባዶ ለባዶ ጨርሳ የተሸነፈችው በፍጹም ቅጣት ምት ነበር። በ2012 እ.ኤ.አ. ግብፅንና ታንዛኒያን በተከታታይ ጥላ ኢኳቶሪያል ጊኒ ወደተካሄደው ውድድር ገብታለች። የዛሬዋን ታንዛኒያ ተመልከቱ። ሲምባ ኩዊንስ በ2022 በአፍሪካ ክለቦች ውድድር አራተኛ ወጣ፤ ጄኬቲ በቀጣዩ ዓመት ገባ፤ ብሔራዊ ቡድኗ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሷል፤ ለ2026ቱ ዋንጫ ለማለፍ ስንጋጠምም ያለፈችው እሷ ናት። ሞሮኮ ደግሞ በ2020 የሴቶቹን ሊግ የባለሙያ ሊግ አድርጋ ፌዴሬሽኑ የተጫዋቾችን ደመወዝ እንዲደግፍ ወሰነች። በሁለት ዓመት ውስጥ ለአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ፣ በሦስት ዓመት ውስጥ ለዓለም ዋንጫ ጥሎ ማለፍ ደረሰች። እነዚህ አገሮች ከእኛ የተለየ ሴት አልወለዱም። ያደረጉት ለሴቶቻቸው ብዙ ጨዋታና ደመወዝ መስጠት ነው።

ወደ አገር ቤት ሊግ እንመለስ። የሴቶች ፕሪሚየር ሊግ ከአሥር ዓመት ትንሽ በላይ ዕድሜ አለው። ለተወሰኑ ዓመታት ደደቢት ነግሦበት ነበር፤ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ንግድ ባንክ ዋንጫውን በተከታታይ ሲወስድ ቆይቷል። በወቅቱ በአሰልጣኝ ብርሃኑ ግዛው ይመራ የነበረው ይህ ቡድን በ2016ም አነሳው። በዚያው ዓመት የባንኩ የወንዶች ቡድንም የወንዶቹን ፕሪሚየር ሊግ አሸነፈ። በአንድ ቤት ሁለት ዋንጫ መግባቱ ለባንኩ ክብር ነው፤ ለሴቶቹ ሊግ ግን የሚያሳስብ ምልክትም ይታየኛል። በክለቦቹ መካከል ያለው የገንዘብ ልዩነት ትልቅ ነው። ጥቂቶቹ ባንክ፣ መከላከያ ወይም ኤሌክትሪክ የመሰለ ተቋም ከኋላቸው አለ፤ ብዙዎቹ የሚኖሩት በከተማ አስተዳደር በጀት ነው። የከተማ በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚቆረጠው የሴቶቹ ቡድን ነው። ባሕር ዳር ላይ ጥረት ኮርፖሬት የሴቶች ቡድን ነበረው፤ በአገሪቱ ከፍተኛ ሊግም ተጫውቷል። የአማራ ክልል ልጃገረድ በክልሏ ውስጥ ልትደርስበት የምትችለው ትልቅ ቡድን ነበር።

አሁን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ ያልኩት ነገር ላይ ደርሰናል። የሴቶቹ ሊግ ለዓመታት ሲካሄድ የቆየው ክለቦቹ በተመረጠ አንድ ከተማ ተሰብስበው፣ በአብዛኛው ሀዋሳ ወይም አዳማ፣ ሆቴል ይዘው፣ አንድ ዙር ጨርሰው እንዲበተኑ በማድረግ ነው። አዘጋጆቹ ምክንያት አላቸው። ክለቦቹ በየሳምንቱ አገር ለአገር የሚጓዙበት ገንዘብ የላቸውም፤ መንገዱም ሁልጊዜ ሰላም አይደለም። ግን ይህ አሠራር የሚያስከፍለው ዋጋ አለ። የአንድ ከተማ ቡድን ዓመቱን ሙሉ ሲጫወት የከተማው ሰው አያየውም። ደጋፊ አይፈጠርም። ከሁሉም በላይ ደግሞ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ እናቷን አስፈቅዳ ስታዲየም ገብታ፣ እንደ እሷ ያለች ልጅ ማሊያ ለብሳ፣ ታኬታ አድርጋ፣ ሰው ሲያጨበጭብላት አታይም። የእግር ኳስ ጥሪ የሚጀምረው ከዚያ ነው። የ2016 የኳስ ዓመት ንጄሩን፣ አቡጃን፣ ሀዋሳን፣ ፓሪስን፣ ካዛብላንካን ረግጧል፤ የጎጃምን መንገድ ግን አልረገጠም።

ይህ ምን ያህል እንደሚወስን የሎዛ አበራ ሕይወት ይመሰክራል። ሎዛ የከምባታዋ ዱራሜ ልጅ ናት። ዱራሜ ከአማኑኤል የምትለየው ትልቅ ስታዲየም ስላላት አይደለም። በዚያው ደቡብ ግን ሀዋሳ ከተማ የሴቶች ቡድን ነበረው፤ ሎዛ ወደዚያ ሄደች። ከሀዋሳ ደደቢት ወሰዳት፤ በደደቢት ዋንጫ በዋንጫ ሆነች፣ የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢም ተባለች። ከዚያ ወደ ስዊድን ኩንግስባካ፣ በኋላም ወደ ማልታ ቢርኪርካራ ተሻገረች፤ በማልታም ግብ በማስቆጠር አንደኛ ነበረች። በአገሯም ለአዳማና ለንግድ ባንክ ተጫወተች። በ2016 መጨረሻ ላይ የአሜሪካው ዲሲ ፓወር አስፈረማትና በአዲሱ ሱፐር ሊግ ዋሽንግተን ላይ ተሰለፈች። ከዱራሜ እስከ ዋሽንግተን ያለው መሰላል እርከኖቹ ይቆጠራሉ፤ የመጀመሪያው ሀዋሳ ነው። ያ እርከን ባይኖር ኖሮ የተቀረው አይኖርም ነበር። የአማኑኤል ልጅ የመጀመሪያ እርከን ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ባሕር ዳር ነው፤ እሱም ቡድኑ ባለበት ዓመት።

ሜዳ ላይ የሚደረሰው በመጫወት ብቻ አለመሆኑንም ልጨምር። ኢትዮጵያ በሴቶች ዓለም ዋንጫ ተሳትፋ አታውቅም፤ ኢትዮጵያዊት ግን ሁለት ጊዜ ገብታለች። ሊዲያ ታፈሰ በ2015 እ.ኤ.አ. ካናዳ ላይ፣ በ2019 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፈረንሳይ ላይ በዳኝነት ተመርጣ ሄዳለች። መሠረት ማኒ በ2008 ዓ.ም. የድሬዳዋ ከተማን የወንዶች ቡድን በፕሪሚየር ሊጉ አሠልጥናለች፤ «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» እየተባለ ባደገ ማኅበረሰብ ውስጥ ወንዶች በእሷ ትእዛዝ ተሰልፈው ገብተዋል። ወጣቶቹም አሉ። በ2014 ዓ.ም. ከ20 ዓመት በታች የሆኑት ልጆች እዚያው ንጄሩ ላይ አስተናጋጇን ኡጋንዳን አሸንፈው የሴካፋን ዋንጫ አንሥተዋል። በዚያው ዓመት የዓለም ዋንጫ ለመድረስ አንድ ዙር ሲቀራቸው ጋና አስቀረቻቸው።

የዓመቱ ትልቅ ደስታ የመጣው በመጨረሻው ወር ነው። ነሐሴ 4 ቀን 2016 ፓሪስ ላይ አሜሪካ ብራዚልን 1 ለ 0 አሸንፋ ወርቁን ወሰደች። በሳምንቱ፣ ነሐሴ 11፣ የሴካፋ የክለቦች ማጣሪያ አዲስ አበባ ላይ ተከፈተ። የወንዶቹ ብሔራዊ ቡድን የሜዳውን ጨዋታ በሰው አገር ስታዲየም በሚያደርግበት ዘመን፣ አበበ ቢቂላ የጎረቤት አገሮችን ሴት ሻምፒዮኖች ተቀበለ። ሲምባ ኩዊንስ መጣ፤ የኡጋንዳው ካዌምፔ ሙስሊም፣ የሩዋንዳው ራዮን ስፖርት፣ የኬንያው ፖሊስ ቡሌትስ መጡ። ንግድ ባንክ በፍጻሜው ኬንያ ፖሊስን 1 ለ 0 አሸነፈ። ሁለቱ የተሸነፈባቸው ፍጻሜዎች በሰው አገር ነበሩ፤ ያሸነፈበት በአገሩ፣ በወገኑ ፊት ነው። ይህን ከዕድል አልቆጥረውም። በራስ ሜዳ መጫወት ማለት ረጅም ጉዞ አለመጓዝ፣ በለመዱት አልጋ መተኛት፣ የለመዱትን መብላት፣ የለመዱትን ከፍታ መተንፈስ፣ ሲደክሙ ስም የሚጠራ ሕዝብ ማግኘት ነው። ሊጉ ለተጫዋቾቹ ዓመቱን ሙሉ የሚነፍጋቸው ይህንኑ ነው።

ኅዳር ላይ ለዋናው ውድድር ሞሮኮ ተሄደ። ጨዋታዎቹ በካዛብላንካና በኤል ጃዲዳ ነበሩ። የንግድ ባንክ ምድብ ከባድ ነበር፦ ዋንጫውን ሁለት ጊዜ ያነሳው የደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ፣ የናይጄሪያው ኢዶ ኩዊንስና የግብፁ ማሳር። ባንኩ ከምድቡ አላለፈም። ሰንዳውንስም አላለፈም። ኅዳር 14 ቀን 2017 የኮንጎው ቲፒ ማዜምቤ የሞሮኮውን ኤኤስ ፋር 1 ለ 0 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ፤ ማሳር ሦስተኛ ሆነ። በ2012 እ.ኤ.አ. ብሔራዊ ቡድናችን ጥሎት ያለፈው የግብፅ ሴቶች እግር ኳስ ዛሬ የአህጉሩ መድረክ ላይ ቆሟል።

ይህን ልዩነት ለማጥበብ ገንዘብ ሲጠየቅ ሁሉም ወደ ላይ ይመለከታል፤ ወደ ፌዴሬሽኑ፣ ወደ ካፍ፣ ወደ ፊፋ። ካፍ በአህጉራዊ ውድድር የሚሳተፉ የወንድ ክለቦች የሴት ቡድን እንዲኖራቸው ግዴታ አድርጓል፤ ጥሩ ሕግ ነው፣ ግን የሚነካው ትልልቆቹን ክለቦች ነው። አማኑኤል የሚደርስ ነገር ከላይ አይወርድም። እዚህ የሚያስፈልገው ውድድር ነው፤ ውድድር ደግሞ ከስታዲየም በፊት ቀን መቁረጥን ይጠይቃል። የትልልቆቹ ውድድር የሚከፈትበት ጥቅምትና ኅዳር ለደጋ ገበሬ ልጅ አይሆንም፤ አጨዳ ነው፣ ከዚያ አውድማ ነው፣ ለሠራተኛው ምሳ የምታደርሰው እሷ ናት። ክረምቱ ጭቃ ነው። ከጥምቀት ማግሥት ጀምሮ እስከ ዐቢይ ጾም ዋዜማ ያለው ጊዜ ግን ክፍት ነው። እህሉ ገብቷል፣ ሜዳው ደርቋል፣ ትምህርት ቤት ክፍት ከሆነ ልጆቹ አንድ ላይ ናቸው፣ ጾሙም ገና ስላልገባ ሮጠው የሚጠግኑበት ምግብ ያገኛሉ። ማቻከል፣ ጎዛምን፣ ስናን፣ ደብረ ኤልያስ፣ አነደድ፣ አዋበልና ባሶ ሊበን እያንዳንዳቸው አንድ የልጃገረዶች ቡድን ቢያቆሙ፣ ደብረ ማርቆስ ከተማ ስምንተኛውን ብትጨምር፣ እያንዳንዷ ልጅ ቢያንስ ሰባት እውነተኛ ጨዋታ ታገኛለች። ሉሲዎቹ በ2016 ያገኙት የማጣሪያ ጨዋታ አራት ነው።

ሰባት ጨዋታ አንዲትን ልጅ ሎዛ አያደርጋትም። የሚያደርገው ሌላ ነው፤ ከባሕር ዳር ወይም ከአዲስ አበባ የሚመጣ መልማይ አሰልጣኝ የሚያይበት ቀንና ቦታ ይፈጥራል። አሁን እንዲህ ያለ ሰው ወደ ማቻከል ቢመጣ ማንን፣ የት፣ መቼ ያያል? የሚከፈለው ዋጋ ትንሽ ነው፦ የመኪና ነዳጅ፣ ኳስ፣ ማሊያ፣ የመጀመሪያ ርዳታ ሳጥን፣ ልጆቹን የምትከተል አንዲት ሴት መምህር። የመጨረሻዋ ከሁሉ ታስፈልጋለች፤ እናት ልጇን ከአማኑኤል ወደ ደብረ ማርቆስ የምትለቀው የምታውቃት ሴት አብራት ስትሄድ ነው።

ለዚህ ሰላም ያስፈልጋል፤ መንገዱ ሳይከፈት ልጅ ይዞ የሚጓዝ የለም። ሰላም በሰፈነበት በመጀመሪያው ጥር ግን ሰበብ አይኖርም። የምሥራቅ ጎጃም ዞንና የየወረዳው የስፖርትና የትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ሆይ፣ የልጃገረዶቹን ውድድር የጊዜ ሰሌዳ ከወንዶቹ ጋር በአንድ ወረቀት፣ በአንድ ቀን አውጡ። የትምህርት ቤት ርእሳነ መምህራንም የሜዳውን ሰዓት ለሴቶቹ በእኩል ክፈሉላቸው። ይህን የምታነቡ ወላጆችም ልጃችሁ ኳስ ልጫወት ስትላችሁ ልቀቋት፤ ቅዳሜ ጨዋታዋን ሄዳችሁ እዩላት።